የፕላስቲክ የአውሮፕላን ሞዴሎች ጥራት ለምን ይለያያል? ለአንድ የባሕር ዳር መምህር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። እህቴ ከውጭ አገር ስትመጣ ለሳይንስ ክበባችን ሁለት የፕላስቲክ ሞዴሎች አመጣችልን። ሁለቱም ዳግላስ ሲ-47 ናቸው፤ የሁለቱም መጠን 1/72 ነው (ማለትም ከእውነተኛው አውሮፕላን 72 ጊዜ ያነሱ ናቸው)፤ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነበር። የመጀመሪያው ያለ ችግር ተገጣጠመ። የሁለተኛው ግን የአካሉ ሁለት ግማሾች በትክክል አይገናኙም፤ በክንፉና በአካሉ መካከል አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ክፍተት አለ፤ በክፍሎቹ ዳር ስስ የፕላስቲክ ቅጠል ተርፏል፤ ገጹ ሽፍታ እንደወጣበት ቆዳ በሪቬት (የአውሮፕላኑን ቆርቆሮ በሚያያይዙ ምስማሮች ራስ) ተሞልቷል፤ በውሃ ተነክረው የሚለጠፉት ምልክቶችም ገና ውሃ ሲነካቸው ተበጣጠሱ። ተማሪዎቼ ጥፋቱ የእጃቸው መስሏቸው አዝነዋል። ጥፋቱ የማን ነው? ወደፊትስ ሳንገዛ በፊት ጥሩውን እንዴት እንለያለን?»

የተከበሩ መምህር፣

በመጀመሪያ ለተማሪዎችዎ የሚነግሩልኝ ነገር አለ። ከዘረዘሯቸው አምስት ችግሮች ሦስቱ፣ ማለትም የግማሾቹ አለመገናኘት፣ በዳር የተረፈው ስስ ፕላስቲክና የሪቬቱ ብዛት፣ ልጆቹ ሳጥኑን ከመክፈታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ፋብሪካ ውስጥ የተወሰኑ ናቸው። የምልክቶቹ መበጣጠስ የዕድሜና የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። የክንፉ ክፍተት ብቻ ከፊሉ የእጅ ሊሆን ይችላል፤ እርሱንም ቢሆን ማስተካከል ይቻላል። እኔ በሙያዬ የፕላስቲክ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ባለሙያ ነኝ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ እነዚህን ሞዴሎች ስሠራ ብዙ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ። ስለዚህ ጉዳዩን የማየው ከሳጥኑ ሳይሆን ከሞልዱ ተነሥቼ ነው፤ የጥያቄዎ ቁልፍም እዚያ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

እነዚህ ሞዴሎች የሚሠሩት እቤታችን ያለው የፕላስቲክ ወንበርና ሳፋ በሚሠራበት መንገድ ነው። ፖሊስታይሪን የተባለው ፕላስቲክ በፍሬ መልክ ወደ ማሽኑ ይገባል፤ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ይቀልጣል፤ ከዚያም በከፍተኛ ግፊት ሁለት የብረት ግማሾች ተጋጥመው በሚፈጥሩት ባዶ ቦታ ውስጥ ይገባል። ሞልድ የምንለው እነዚህን ሁለት ግማሾች ነው። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ግማሾቹ ይላቀቃሉ፤ ትንንሽ የብረት ዘንጎችም የተቀረጸውን ገፍተው ያወጡታል። በሞዴልዎ ክፍሎች የውስጥ ገጽ ላይ የሚያዩአቸው ትንንሽ ክብ ምልክቶች የእነዚህ መግፊያ ዘንጎች አሻራ ናቸው። ጥሩ ንድፍ አውጪ እነዚህን ክቦች ከተገጣጠመ በኋላ በማይታይ ቦታ ያሳርፋቸዋል፤ ግድ የለሹ ግን አብራሪው በሚቀመጥበት ወለል መካከል ይተዋቸዋል።

ገበያ ሄደው አዲስ ሳፋና በአሮጌ ሞልድ የወጣ ሳፋ ቢያነጻጽሩ የሁለተኛው ጠርዝ እጅ የሚቧጭር ስስ ከንፈር አለው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሞልዱ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲዘጋና ሲከፈት፣ በመጋዘን ሲቀመጥ ሲዝግ፣ ሲጓጓዝም ሲጋጭ፣ ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበት ስል ጠርዝ ይደበዝዛል። ያኔ ፕላስቲኩ በዚያ ቀጭን ክፍተት ሾልኮ ይወጣል። በፋብሪካ ሰዎች አነጋገር ይህ ፍላሽ ይባላል። የሞልዱ ግማሾች በጥቂቱም ቢሆን ከመስመር ከወጡ ደግሞ የእያንዳንዱ ክፍል ግራና ቀኝ ገጽ እርስ በርሱ ይዛነፋል፤ ክብ መሆን የነበረበት የማረፊያ እግር ዘንግ ደረጃ ያለው ይሆናል። እርስዎ ያዩት ስስ ቅጠልም ሆነ የአካሉ ግማሾች መዛነፍ ከዚህ የመጣ ለመሆኑ ብዙ ምልክት አለው።

ከሞልዱ እርጅና ይልቅ ሞልዱ የተሠራበት ዘመን የእጅ ጥበብ የበለጠ ይወስናል። በቀድሞው አሠራር መጀመሪያ ከሞዴሉ በብዙ የሚበልጥ ቅርጽ በእንጨት ይቀረጽ ነበር። ፓንቶግራፍ የተባለ መሣሪያ አንዱ ጫፉ ያንን ትልቅ ቅርጽ እየዳሰሰ፣ ሌላው ጫፉ በተመጠነ ልኬት ብረቱን ይቆርጣል። የአውሮፕላኑን የቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመሮች ሠራተኛው በብረቱ ላይ ይጭራል። በሞልድ ላይ የተጫረ መስመር በፕላስቲኩ ላይ ተነሥቶ የሚታይ መስመር ይሆናል፤ በሞልዱ ላይ የተበሳ ጉድጓድም በፕላስቲኩ ላይ ጉብታ ይሆናል። እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ድረስ የወጡ አብዛኞቹ ሞዴሎች መስመራቸው የተነሣ፣ ሪቬታቸውም የጎላ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በፕላስቲኩ ላይ ወደ ውስጥ የገባ ቀጭን መስመር ለማግኘት በሞልዱ ብረት ላይ ተነሥቶ የቆመ ቀጭን ጠርዝ ማስቀረት ያስፈልጋል፤ ይህ በእጅ እጅግ አድካሚ ነው። ብረትን በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚበላው አሠራር ሲስፋፋ፣ በኋላም ንድፉ ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር ሲወጣ ቀላል ሆነ።

የፊዚክስ መምህር ስለሆኑ ለተማሪዎችዎ አንድ ስሌት እሰጥዎታለሁ። ጭንቅላቱ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሪቬት በ1/72 ሲመጠን ከ0.1 ሚሊሜትር ያንሳል፤ በዓይን ለማየት ያስቸግራል። በአሮጌው ሞዴል ላይ ግን የሪቬቱ ራስ 0.4 ሚሊሜትር ከሆነ፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 29 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው፤ የቡና ሲኒ መቀመጫ ሊያክል ምንም አይቀረው። የክንፉ የኋላ ጠርዝ ግማሽ ሚሊሜትር ከወፈረ በእውነታው 36 ሚሊሜትር ይሆናል። ይሁን እንጂ አዲሱም ሞዴል ከዚህ ስሌት አያመልጥም፤ ወደ ውስጥ የገባው መስመር 0.2 ሚሊሜትር ከሰፋ በእውነታው 14 ሚሊሜትር የሆነ ስንጥቅ ነው። ስለዚህ «መስመሩ ወደ ውስጥ የገባ ነው» መባሉ ብቻውን ጥራት አይደለም። ወደ ውስጥ ገብቶም ቦይ የሚመስል ሞዴል አለ፤ ተነሥቶም እጅግ ረቂቅ የሆነ አለ። እኔ በበኩሌ ከሰፊ ቦይ ይልቅ ረቂቁን የተነሣ መስመር እመርጣለሁ።

የአካሉን ጀርባና ሆድም ልብ ብለው ይመልከቱ። ሞልዱ ግራና ቀኝ ስለሚከፈት፣ በጎኑ ላይ ያለው ዝርዝር ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው መጋጠሚያ በቀረበ ቁጥር ግን መስመሮቹ ይደበዝዛሉ፤ አለዚያ ክፍሉ ከሞልዱ አይላቀቅም ነበር። ዘመናዊ አምራቾች ይህን የሚያልፉት በጎን የሚንሸራተቱ ተጨማሪ የሞልድ ክፍሎች በመጠቀም ወይም አካሉን በሌላ አቅጣጫ በመክፈል ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ሳጥኑ ልመለስ። በሙያዬ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው «የትኛው ኩባንያ ይሻላል?» የሚል ነው፤ ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ያሳስታል። የራስዎን አውሮፕላን እንውሰድ። የእንግሊዙ ኤርፊክስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የዚህን አውሮፕላን 1/72 ሞዴል አውጥቶ ነበር፤ በሪቬቱ ብዛት በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ይታወቃል። ይኸው ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያንኑ አውሮፕላን በዚያው መጠን ፈጽሞ አዲስ በሆነ ሞልድ ሠራው። ስሙ አንድ፣ አውሮፕላኑ አንድ፣ መጠኑ አንድ፤ በመካከላቸው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለ። በኩባንያ ስም ብቻ የሚገዛ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሚደርሰው አያውቅም።

ሌላው ስውር ነገር ሞልዶች ባለቤት መለወጣቸው ነው። ፍሮግ የተባለው የእንግሊዝ ምልክት በ1936 እ.ኤ.አ. በ1/72 የፕላስቲክ የአውሮፕላን ሞዴሎችን ቀድሞ የጀመረ ነበር። ያን ጊዜ የተጠቀመበት ሴሉሎስ አሲቴት የተባለ ፕላስቲክ ከጊዜ ብዛት ይጣመም ስለነበር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢንዱስትሪው ወደ ፖሊስታይሪን ዞረ። ፍሮግ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲዘጋ አብዛኞቹ ሞልዶቹ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወሰዱና ኖቮ በተባለ ስም ሳጥን ውስጥ መሸጥ ጀመሩ፤ የጀርመንና የአጋሮቿ የጦር አውሮፕላኖች ሞልዶች ደግሞ ሬቬል ወደተባለው ሌላ የሞዴል አምራች ሄዱ። ከዚያ በኋላ እነዚያው ሞልዶች በተለያዩ ሳጥኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ብቅ ብለዋል። አዲስ ሥዕል፣ አዲስ ሳጥን፣ በሳጥኑ ጎን ላይ የታተመ አዲስ ዓመት፤ ውስጡ ግን የአያት ዘመን ፕላስቲክ ነው። ሁለቱ ሳጥኖችዎ በዋጋ መቀራረባቸውም አያስደንቅም፤ የሳጥን፣ የማጓጓዣና የነጋዴ ወጪ ለአሮጌውም ለአዲሱም ያው ነው።

በእህትዎ ምርጫ ግን እጅግ ደስ ብሎኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ በሲ-47 ነበር። የእውነተኛው አውሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1/72 ወደ 40 ሴንቲሜትር ይሆናል። ማስመሪያ አውጥተው ሁለቱንም ሞዴሎች ይለኩ። ይህን የምልዎት ጥሩ መገጣጠምና ትክክለኛ መጠን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው።

ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የቼኩ ኤድዋርድ ታሪክ ይበልጣል። ይህ ኩባንያ በጥራቱ የተከበረ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በ1/48 ያወጣው ሜሰርሽሚት ቢኤፍ 109 ጂ-6 የተባለ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ዝርዝሩ ያማረ፣ መገጣጠሙም ጥሩ ነበር። ሰዎች ሲለኩት ግን ከሚገባው በላይ ትልቅ ሆኖ ተገኘ። የእውነተኛው ክንፍ 9.92 ሜትር ስለሆነ በ1/48 20.7 ሴንቲሜትር ገደማ መሆን ነበረበት። ኩባንያው ስሕተቱን ተቀብሎ በ2016 እ.ኤ.አ. አዲስ ሞልድ ሠርቶ አወጣው። እኔ ለዚህ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው፤ አንድን የብረት ሞልድ ትቶ ከዜሮ መጀመር ምን ያህል እንደሚከብድ ስለማውቅ ነው። ለጥያቄዎ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ አንድ ሞዴል በእጅዎ ክፍተት ሳይኖረው ተገጣጥሞም ቅርጹ ወይም መጠኑ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል፤ በተቃራኒው ለመገጣጠም ሦስት ሳምንት የሚያደክም አሮጌ ሞዴል ሲጨርሱት የአውሮፕላኑን መልክ በትክክል ይዞ ሊገኝ ይችላል። ለትምህርት ቤት ክበብ መገጣጠሙ ይቀድማል ብዬ እመክራለሁ፤ ለሙዚየም የሚሠራ ሰው ግን ሌላ ምርጫ ይኖረዋል።

አንድ ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ ባጭሩ ልጥቀሰው። የብረት ሞልድ ውድ በመሆኑ ወጪውን የሚመልሰው ብዙ ሺህ ሳጥን ሲሸጥ ነው። ብዙ ገዢ የሌለው አውሮፕላን ሲሆን ትንንሽ አምራቾች ለስለስ ባለና ርካሽ በሆነ ሞልድ፣ በዝቅተኛ ግፊት ጥቂት ቅጂ ያወጣሉ። በእነዚህ ሞዴሎች ላይ ክፍሎቹን የሚያገናኙ ትንንሽ ዘንጎችና ቀዳዳዎች አይኖሩም፤ ክፍሎቹ ወፍራም ናቸው፤ ገጣሚው ራሱ ማስተካከል ይጠበቅበታል። ይህ ጉድለት ሳይሆን አስቀድሞ የታወቀ ውል ነው፤ ለጀማሪ ግን አይሆንም።

ምልክቶቹን በተመለከተ፣ ጥፋቱ በከፊል የእኛው ሐይቅ አየር ሊሆን ይችላል። በውሃ የሚነሡ ምልክቶች ቀጭን የቀለምና የቫርኒሽ ንብርብር ናቸው፤ በጊዜ ብዛት ይደርቃሉ፤ በእርጥበት ከወረቀታቸው ጋር ይጣበቃሉ፤ በፀሐይ ይቢጫሉ። ጣና ዳር በክረምት ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ምን እንደሚሆን እርስዎም ያውቃሉ። እኔ አንድ ክረምት በቤቴ ያስቀመጥኳቸውን በሙሉ አጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ አየር አስወጥቼና ከጨለማ ቦታ አኑሬ አስቀምጣቸዋለሁ። ቀለምም እንዲሁ ነው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ፈጥኖ በሚደርቅ ቲነር የቀጠንኩት ቀለም በሞዴሉ ላይ እንደ ወተት ነጥቶ ቀርቶብኛል። ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ በአየሩ ያለው እርጥበት በቀዝቃዛው ገጽ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው በቀለሙ ውስጥ ይታሰራል። በክረምት መቀባት ግድ ከሆነ ረፋድ ላይ፣ ዝናብ ባልቀረበበት ሰዓት ይሁን።

ሳይገዙ በፊት ስለ መለየት ለጠየቁት የምሰጠው ምክር የሳጥኑን ሥዕል መተው ነው። ሥዕሉ የሠዓሊው ሥራ እንጂ የሞልዱ ምስክር አይደለም። ስኬልሜትስ የተባለው ድረ ገጽ የብዙ ሞዴሎችን የሞልድ ታሪክ ይመዘግባል፤ እዚያ የሞዴሉን ቁጥር ቢያስገቡ ሞልዱ መጀመሪያ መቼ እንደወጣና ከዚያ በኋላ በእነማን ሳጥን እንደተሸጠ ይነግርዎታል። «አዲስ ሞልድ» እና «አዲስ ሳጥን» የሚሉትን ለይተው ያንብቡ። ቀጥሎ እህትዎ ከመግዛታቸው በፊት የክፍሎቹን ፎቶግራፍ ይጠይቁ፤ የታጠፈ ክንፍ፣ የጠለቀ ስርጉደት፣ የተረፈ ፍላሽ በፎቶግራፍ በግልጽ ይታያል። ስርጉደት የሚፈጠረው ወፍራም ቦታ ከቀጭኑ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝና ሲሸማቀቅ ነው፤ በክንፍ ላይ ካዩት በስቱኮ መሙላት ይጠብቅዎታል። ማጣበቂያና የሚረጭ ቀለም ግን በሻንጣ እንዲያመጡ አይጠይቋቸው፤ ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአውሮፕላን አይፈቀዱም።

አሁን ወደዚያ ወደተበላሸው ሁለተኛው ሞዴል እንመለስ፤ እንዳይጥሉት እለምንዎታለሁ። የክንፉ ክፍተት ከእጅ የመጣ መሆኑን ለማወቅ፣ በመጋጠሚያው ላይ ያለው ፍላሽና ክፍሉ ከተያያዘበት የፕላስቲክ ፍሬም የተቆረጠበት ጉብታ በምላጭ ፈጽሞ መነሣቱን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ የግማሽ ሚሊሜትር ቅሪት የአንድ ሚሊሜትር ክፍተት ያመጣል። ክንፉ ተጣሞ ከሆነ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ነክረው ቀስ ብለው ያቅኑት፤ የፈላ ውሃ ግን አይጠቀሙ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ላይ ነው፤ ይህም ለስስ ፖሊስታይሪን ከሚገባው በላይ ነው።

ከዚህ በኋላም ክፍተቱ ካለ፣ አካሉ ገና ካልተዘጋ መፍትሔው ከውስጥ ነው። ከዚያ ፍሬም አንድ ዘንግ ቆርጠው፣ ከአካሉ የውስጥ ስፋት አንድ ሚሊሜትር ያህል እንዲረዝም አድርገው፣ በክንፉ ሥር ትይዩ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይደግፉት። አካሉ ወደ ውጭ ይገፋና ከክንፉ ጋር ይገናኛል። የክንፉን የላይኛውን ክፍል መጀመሪያ ከአካሉ ጋር፣ የታችኛውን በኋላ ያጣብቁ፤ የቀረ ክፍተት ቢኖር ከሆዱ በኩል ይሆናል። ለቀሪው ቀጭን ስንጥቅ ከዚያው ፍሬም የተቆራረጠ ፕላስቲክ በአሴቶን ውስጥ እስኪሟሟ ድረስ አኑረው እንደ ማር ሲወፍር በጥርስ እንጨት ይሙሉት። ይህን በተከፈተ መስኮት አጠገብ፣ የቡና ከሰል ካለበት ክፍል ርቀው ይሥሩ፤ አሴቶን በፍጥነት ይቀጣጠላል፤ ልጆቹም ትነቱን መተንፈስ የለባቸውም። አንድ ሙሉ ቀን እንዲደርቅ ከተዉት በኋላ በ400፣ ከዚያም በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያረጠቡ ያለስልሱት።

የሪቬቶቹን ጉብታ በዚያው ብርጭቆ ወረቀት እስከ ግማሽ ቁመታቸው ብቻ ያለስልሱ፤ ቀለም ሲቀባ ሽፍታው ይጠፋል፤ የሪቬቱ ረድፍ ግን ይቀራል። ለተበጣጠሱት ምልክቶች ምትክ መፈለግ አያስፈልግዎትም፤ ተማሪዎቹ ቀጭን የወረቀት ፕላስተር በምላጭ ቆርጠው፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን መስመር በየተራ እየሸፈኑ ቢቀቡት ከታተመው ምልክት ይበልጥ ይጸናል። መጀመሪያ ቢጫውን ይቀቡ፤ ፈዛዛ ቀለም ስለሆነ በሌላው ላይ ሲደረብ አይሸፍንም።